ሌሊት ስትነቁ ዓይናችሁ ከተለወጠባችሁ፦ ከአልጋ ሳትወርዱ የሚደረግ ፍተሻ

ሌሊት ትነቃላችሁ፣ ዓይናችሁ ግን የወትሮው ዓይን አይደለም። ወይ አንዱ ጨልሟል፣ ወይ ግድግዳው ላይ የሚሄድ ነገር አለ፣ ወይ ጥግ ጥጉን ብልጭ ይላል፣ ወይ ሁሉም ነገር ጭጋግ ለብሷል። ብዙ ጊዜ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። ጠዋት ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሐኪሙ በመሣሪያው አይቶ ደህና ነው ይላል። አልዋሸም፣ በዚያ ሰዓት ደህና ነው። ችግሩ የነበረው ሌሊት ነው፤ ሌሊት ደግሞ ያያችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ስለዚህ ምስክሩም መርማሪውም እናንተ ናችሁ። ሰው ግን ጠዋት የሚያወራው ያየው ነገር ምን ይመስል እንደነበር ነው፤ እሱ ብዙም አይረዳም። የሚረዳው ሌላ ነው፦ በአንድ ዓይን ነበር በሁለቱም? ምን ያህል ቆየ? ሕመም ነበረው? እነዚህን ለውጡ ሳይጠፋ፣ እዚያው አልጋ ላይ ካረጋገጣችሁ ሐኪሙ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ከዚህ በታች ያለው ይሄ እንዴት እንደሚደረግ ነው።

መጀመሪያ፦ ሳትፈትሹ የምትሄዱባቸው

አንዳንዱ ነገር ፍተሻ አይፈልግም፣ መነሳት ነው የሚፈልገው።

ጨለማው ወይም ጭጋጉ ከመጣ ጋር ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ሂዱ። "ትንሽ ልተኛበትና ልየው" አይባልም።

ዓይን ቀልቶ በኃይል ካመመ፣ አምፖሉ ዙሪያ ቀለም ያለው ክብ ከታየ፣ ራስ ምታትና ማስታወክ ከጨመረ ደግሞ ድንገተኛ ግላኮማን ጠርጥሩ። በጨለማ የዓይን ብሌን ይሰፋል። አንዳንድ ሰው ዓይን ውስጥ ፈሳሹ የሚወጣበት መንገድ ከተፈጥሮው ጠባብ ስለሆነ፣ ብሌኑ ሲሰፋ መንገዱ ይዘጋና የዓይን ግፊቱ በአንዴ ይጨምራል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይበዛል። ማስታወክ ስላለው እኛ ጋ "ታይፎይድ ነው" ተብሎ ሊታደር ይችላል፣ እኛ ሀገር ታይፎይድ የማይባል ነገር የለምና። ይሄ ግን አያድርም፤ በሰዓታት ውስጥ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ከጎን ወይም ከላይ እንደ መጋረጃ የወረደ ጥላ ካለና የማይነሳ ከሆነ፣ ከብልጭታና ከብዙ አዳዲስ ጥቁር ነጠብጣብ ጋር ከመጣ በተለይ፣ ሬቲና (ዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ከቦታው እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። አያምም። አለማመሙ አያታልላችሁ።

ከዚያ ከሰል አለ። ማታ ቡና ተፈልቶ ምድጃው ቤት ውስጥ ከቀረ፣ መስኮቱ ከተዘጋ፣ እናንተም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዟችሁ ዓይናችሁ ደብዝዞ ከነቃችሁ የዓይን ጉዳይ አይደለም፣ የከሰል ጭስ መመረዝ ነው። የሚመርዘው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል የማይታይ፣ የማይሸት ጋዝ ነው። በሩን ክፈቱ፣ ሁሉንም ሰው ቀስቅሳችሁ ወደ ውጭ ውጡ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ልጆቹንም። እንቅልፍ ነው ብላችሁ አትተዉአቸው። እኛ ባህር ዳር ያለን ሙቀት ስለሆነ እንደ ደብረ ብርሃን ከሰል አቅፎ የሚተኛ የለም ትሉ ይሆናል፣ በክረምቱ ዝናብ ግን ምድጃውን በር ላይ ማቆም ያስቸግራልና ወደ ቤት ይገባል።

የመጨረሻው፦ ማታ ምንጩ ያልታወቀ አረቄ የጠጣ ሰው፣ በማግስቱ ወይም ሌሊት ዓይኑ ነጭ ጭጋግ ውስጥ የገባ ከመሰለው ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ሊሆን ይችላል። ስካር ነው ብላችሁ አታስተኙት።

ባህር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል አላቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሌሊት ባጃጅ ከመንገድ ላይ ማግኘት እንደ ሰፈራችሁ ስለሚለያይ፣ የምታውቁትን የአንድ ሹፌር ስልክ ከቀን ጀምሮ ያዙ። ሽምብጥ ላለ ሰው ላያስቸግር ይችላል፣ አባይ ማዶ ርቆ ለሚኖር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልክ ቁጥር መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ተረጋጉ፣ ወደ ፍተሻው።

1. ተቀመጡ፣ አትቁሙ

ከአልጋ በድንገት ሲነሱ ሁሉም ነገር ለጥቂት ሰከንድ ከጨለመ፣ በሁለቱም ዓይን፣ ከማዞር ጋር፣ ይሄ ዓይን አይደለም፣ የደም ግፊት ለአፍታ መውረድ ነው። ሲቆሙ ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ሰውነት እስኪያስተካክለው ድረስ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ያንሳል። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ የጾሙ፣ ቀኑን ሙሉ በላብ የዋሉና ውኃ ያልጠጡ፣ ተቅማጥ ላይ ያሉ ሰዎች ይበዛባቸዋል። አዛውንቶች ደግሞ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ። ሽንት ቤቱ ግቢው ጫፍ ላይ ከሆነና ደረጃ ካለው፣ ከዓይኑ ይልቅ የሚያስፈራው መውደቁ ነው።

ስለዚህ እግራችሁን አውርዳችሁ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀመጡ። ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ። በደንብ ካያችሁ በኋላ ቁሙ። አባት ካላችሁ ሌሊት ተቀምጦ እንዲሸና ምከሩት፤ ያኮርፋል፣ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ስትቆሙ ወይም ስታጎነብሱ ለሰከንዶች የሚጨልመው ነገር በየቀኑ ከሆነ፣ ከዚያ ጋር ተኝታችሁ የሚብስ ራስ ምታትና ጆሮ ውስጥ ከልብ ምት ጋር የሚመታ ድምፅ ካለ፣ በጭንቅላት ውስጥ ያለ ግፊት ጨምሮ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሳምንት ታዩ። ወፈር ያሉ ወጣት ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል።

እስከዚያው ዓይናችሁን አትሹ። ሁሉም ሰው ይሻል። ማሸት ራሱ ብልጭታና ብዥታ ይፈጥራል፣ ከዚያ የትኛው ከሕመሙ የትኛው ከእጃችሁ እንደመጣ አይታወቅም።

2. አንዱን ሸፍኑ፣ ከዚያ ሌላውን

ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ሰው ግን የሚዘለውም ይሄንኑ ነው።

መዳፋችሁን ጎድጎድ አድርጋችሁ ግራ ዓይን ላይ አድርጉ። ዓይኑን አትጫኑት፣ ብርሃን ብቻ ከልክሉት። በቀኙ አንድ የተወሰነ ነገር እዩ፦ የመስኮቱን ፍሬም፣ የበሩን ጠርዝ፣ የስልኩን ሰዓት። ከዚያ ገልብጡ። በአንደኛው ኖሮ በሌላው ከሌለ ችግሩ ያለው እዚያው ዓይን ላይ ወይም ወደሱ በሚሄደው ደም ሥር ነው። በሁለቱም ካለ ችግሩ ከዓይን ጀርባ፣ አንጎል አካባቢ ነው፣ ወይም ጨለማው ራሱ ነው፣ ወይም ሰውነት በሙሉ (ግፊት፣ ስኳር) ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ቀኝ ዓይኔ ነው" ይላል፣ ሲጠየቅ ግን የጠፋበት ቀኝ ዓይኑ ሳይሆን በሁለቱም ዓይን የሚያየው የቀኝ ጎን ነው። ሳይሸፍኑ ይሄን መለየት አይቻልም። ሲሸፍኑ ግን ወዲያው ይታወቃል። ለሐኪሙ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

3. ሰዓት እዩ

ሲያስፈራ አንድ ደቂቃ ሩብ ሰዓት ይመስላል፣ ስለዚህ አትገምቱ። የጀመረበትን ሰዓት እዩ፣ የጠፋበትንም። የስልኩን ብርሃን ወደ መጨረሻው ቀንሱት፣ አለዚያ ፍተሻውን ራሱ ያበላሸዋል።

4. አሁን መብራት አብሩ

ከመሸፈኑ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። መብራት ሲበራ ያየነው ነገር ድምጥማጡ ከጠፋ አንድ ነገር ይነግረናል፣ ከቀጠለ ሌላ። መብራት ከሌለ (አልፎ አልፎ አይኖርም፣ ታውቁታላችሁ) ባትሪውን ወደ ጣሪያ አብሩት፣ ወደ ፊታችሁ አይደለም። ከሐይቁ ዳር ለምትኖሩ መስኮቱን ዝጉት፣ ትንኙ መብራት አይቶ ከገባ ሌላ የዓይን ጉዳይ ትጀምራላችሁ።

አሁን ያገኛችሁትን ይዛችሁ ከሚከተሉት የትኛው እንደሚመስል እዩ።

አንድ ዓይን ጨለማ፣ ከጎኑ ስልክ

ወጣት ሰው "ሌሊት አንድ ዓይኔ ታወረ" ካለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስልኩን ነው። በቀኝ ጎናችሁ ተኝታችኋል እንበል። ቀኝ ዓይን ትራሱ ውስጥ ተቀብሯል። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ በግራ ዓይን ብቻ ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ታያላችሁ፣ ሌሊት ነቅታችሁ ሰዓት ልይ ብላችሁ ገብታችሁ ግማሽ ሰዓት ሄዷል። ትራስ የሸፈነው ዓይን ጨለማውን ለምዶ ተቀምጧል። ስልኩን ያየው ብርሃኑን ለምዷል። ስልኩን አጥፍታችሁ ቀና ስትሉ ቀኙ ጣሪያውንም አጎበሩንም ያያል፣ ግራው ምንም። ሁለቱ ሲወዳደሩ ግራው የታወረ ይመስላል። የታወረ ግን የለም። ብርሃን የለመደው ዓይን ወደ ጨለማ እስኪመለስ ደቂቃዎች ይፈልጋል፣ በቃ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ሐኪሞች ይሄንኑ በሕክምና መጽሔት አውጥተውታል። የ22 እና የ40 ዓመት ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ ለወራት እየተመላለሰባቸው፣ ምርመራውም ምንም ሳያሳይ። ሐኪሞቹ በመጨረሻ የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነው፦ ሲከሰት ምን እያደረጋችሁ ነበር? ሁለቱም ተኝተው ስልክ ያዩ ነበር። በየተራ በአንድ ዓይን ብቻ እንዲያዩ ሲነገራቸው የሚጨልመው ሁልጊዜ ስልኩን ያየው ዓይን ሆነ።

እናንተም ይሄንኑ አድርጉ። በሚቀጥለው ማታ ሆን ብላችሁ በሌላው ጎን ተኙና በሌላው ዓይን ብቻ እዩ፣ አስር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ሌላ ማታ በጀርባችሁ ተኝታችሁ በሁለቱም ዓይን። ስልኩን ያየው ዓይን እየተከተለ ከጨለመ፣ በሁለቱም ስታዩ ደግሞ ካልመጣ፣ መልሱ ተገኝቷል። መድኃኒቱ በሁለት ዓይን ማየት ወይም አለማየት ነው።

ስልክ ሳትነኩ ከጨለመ ግን ይሄን ታሪክ ለራሳችሁ አትንገሩት። በተለይ ዕድሜያችሁ ከ50 ካለፈ፣ ግፊት ወይም ስኳር ካለባችሁ፣ ሲጋራ ካጨሳችሁ። ያለ ሕመም አንድ ዓይንን ለደቂቃዎች ጥላ ሸፍኖት የሚለቅ ነገር፣ ብዙ ጊዜ ከአንገት ደም ሥር የተነሳ ትንሽ የደም መርጋት ወይም የስብ ቅንጣት በዓይን ደም ሥር ሲያልፍ ነው። ስትሮክ ሊከተለው ይችላል። "አለፈ" ብሎ ማደር የለበትም፤ ሙሉ በሙሉ ቢለቅም በዚያው ቀን መታየት ያለበት ነገር ነው። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ሆኖ ከዚህ ጋር ጆሮ ግንዳቸው አካባቢ ሲነካ የሚያማቸው፣ ቆሎ ሲያኝኩ መንጋጋቸው የሚዝልባቸው ሰዎች የደም ሥር ብግነት ሊኖርባቸው ስለሚችል ይሄንን በአፋቸው ይናገሩ። ሐኪሙ ስለ መንጋጋ ላይጠይቅ ይችላል።

ያየሁት ነገር ሳተኩርበት ጠፋ

ይሄኛው ጤነኛ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ሌሊት ነቅታችሁ በር ላይ ያለውን ነጭ ጋቢ በጎን ታዩታላችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ስታዩት የለም። ዓይናችሁን ስታዞሩ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ የዓይን አሠራር ነው። ሬቲና ላይ ቀለምና ጥርት ያለ ነገር የሚያዩ ህዋሳት አሉ፣ ደብዛዛ ብርሃን የሚያዩ ደግሞ ሌሎች። መሃሉ፣ ቀጥ ብለን የምናይበት ነጥብ ላይ፣ የደብዛዛው ብርሃን ህዋሳት ጭራሽ የሉም። ስለዚህ በጨለማ ሁላችንም መሃላችን ላይ ትንሽ የማያይ ቦታ አለን። ጣና ላይ ሌሊት ጀልባ ለሚጠብቅ ሰው ይሄ ጥቅም አለው፦ ወደ ዘጌ በኩል ደብዛዛ መብራት ስትፈልጉ ቀጥታ ከማፍጠጥ ከጎኑ ትንሽ ፈቀቅ ብላችሁ እዩ፣ ቶሎ ታገኙታላችሁ።

ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። አንዴ ባትሪ ካያችሁ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ከዚህ የሚለየው ዳፍንት ነው። ዳፍንት ሌሊት ሲነቁ መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጀምሮ ሰው ይደናበራል፣ በረንዳ ላይ ያለውን ወንበር አያይም፣ በየማታው። ሕፃን ልጅ ማምሻውን መጫወት ከተወ፣ ግድግዳ ይዞ ከሄደ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው የሚሆነው፣ እሱ ደግሞ ይድናል። ጉበት፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ማንጎና ፓፓያ ይረዳሉ፤ እኛ ጋ ማንጎ በየመንገዱ ተደርድሮ ልጅ በዳፍንት ሲያዝ ያናድዳል።

ግድግዳ ላይ ሸረሪት፣ ጥግ ላይ ሰው

ሸረሪት፣ ሐረግ፣ የሚንቀሳቀስ ጥለት፣ አንዳንዴ ቆሞ የሚያይ ሰው። በሁለቱም ዓይን፣ ለሰከንዶች ወይም ለአንድ ሁለት ደቂቃ፣ መብራት ሲበራ ድርግም። ይሄ አንጎል ከሕልም ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ዓይን ሲገለጥ የሚመጣ ነው። ሕልሙ ክፍሉ ላይ ይታያል። በዚያ ላይ አጎበር ውስጥ የተኛ ሰው፣ ያ ቀዳዳ ቀዳዳ መረብ በጨረቃ ብርሃን ሲወዛወዝ፣ ጤነኛውን ዓይንም ያሳስታል። አጎበሩን ግን አታውልቁ፣ ወባ ከሸረሪት ይከፋል።

ከዚህ ጋር ሰውነት አልታዘዝ ካለ፣ ደረት ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠ ከመሰላችሁ ዱካክ ነው። ቤተሰብ ብዙ ነገር ይላችኋል። ጸሎታችሁን ጸልዩ፣ ጠበል መሄድም የእናንተ ነው፣ ግን ጎን ለጎን እንቅልፋችሁን እዩት፦ በቂ ትተኛላችሁ? በጀርባችሁ ነው የምትተኙት? ጫት ትቅማላችሁ፣ ወይስ ሰሞኑን አቁማችኋል? ጫት ለረጅም ጊዜ ቅመው ያቆሙ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዱካክና ክፉ ሕልም እንደሚበዛባቸው የታወቀ ነው፣ ይቀንሳል። ሲይዛችሁ ከመታገል ጣታችሁን ወይም ምላሳችሁን ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሩ፣ ቶሎ ይለቃል።

አያት ያላቸው ደግሞ ይሄን ያንብቡ። ዓይናቸው በሞራ ወይም በሌላ ምክንያት የደከመ አዛውንቶች፣ አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ በድንግዝግዝ ወይም ሲነቁ ሕፃናት፣ አበባ፣ ሰልፍ የሚሄድ ሰው ሊያዩ ይችላሉ። አንጎል ከዓይን የሚመጣለት ሲያንስ በራሱ ይሞላዋል። እማማ "ሰው ቆሟል" ሲሉ አበዱ ብላችሁ አትሸማቀቁ፣ የዓይን ሐኪም ጋ ውሰዷቸው፤ ሞራው ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ሰልፈኛውም አብሮ ይሄዳል።

አንድ ለየት ያለ ደግሞ፦ ለጥርስ ሕመም ብሎ የአስተናግር ፍሬ የታጠነ ወይም የቀመሰ ሰው ብሌኑ ይሰፋል፣ ቅርብ ነገር ይደበዝዝበታል፣ አፉ ይደርቃል፣ የሌለ ነገር ያያል። መብራት ቢበራም አይጠፋም። ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጭጋግ፣ መጣበቅ፣ መውጋት

ጥቂት ጊዜ ዓይንን እያርገበገቡ የሚጠራ ጭጋግ ድርቀት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ፋን ፊት ላይ አዙሮ የተኛ ሰው ይሄን ያውቃል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ሲተኛ የዓይኑ ቆብ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ አብሯችሁ የሚተኛን ሰው ጠይቁ፣ ነጩ ይታያል ካለ ምክንያቱ እሱ ነው። ፋኑን ወደ እግር አዙሩ፣ ከፋርማሲ እንባ የሚተካ ጠብታ ጠይቁ። ማታ ቴትራሳይክሊን ቅባት የተቀባ ሰው ጭጋግ ማየቱ አይገርምም፣ ቅባቱ ነው።

ዓይን ስትገልጡ ቢላ እንደገባ ከወጋ፣ ከዚያ እንባ ከወረደና ለደቂቃዎች ብዥ ካለ፣ የኮርኒያው (የዓይን ፊት ላይ ያለው ግልጽ ሽፋን) የላይኛው ቆዳ ከደረቀ ቆብ ጋር ተጣብቆ ተላጠ ማለት ነው። ከዚህ በፊት ጥፍር፣ ገለባ ወይም ቅጠል የቧጨረው ዓይን ላይ ይመላለሳል፤ ማጨድና መውቃት ላይ የሚውሉ ሰዎች ያውቁታል። ሲነቁ ወዲያው አለመግለጥ ይረዳል፦ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከቆቡ ስር ኳሱን ግራ ቀኝ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ግለጡ። እየተመላለሰ ከሆነ ሐኪም የሚያዝለት ቅባት አለ።

ክልላችን ደግሞ ትራኮማ የበዛበት ነው። ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ኮርኒያውን ሲጠርገው ሌሊቱን ሙሉ እየፋቀ ያድራል፣ ጠዋት ብዥታና እንባ ነው። በወረንጦ መንቀል ጊዜያዊ ነው፣ ፀጉሩ ተመልሶ ሲያድግ ደግሞ አጭርና ሻካራ ሆኖ የባሰ ይወጋል። ቆቡን የሚያስተካክል ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ፣ እናታችሁን ወረንጦ ይዛ ከመስታወት ፊት ካገኛችኋት ወደዚያ ውሰዷት።

ብዥታው ጠዋት በርትቶ እስከ ቀትር ቀስ በቀስ የሚጠራ፣ ወራት የቆየ ከሆነ ሌላ ነው። ተጨፍኖ ባደረ ዓይን ኮርኒያ ትንሽ ያብጣል፣ ጤነኛው ቶሎ ይደርቃል፣ የደከመው ይቆያል። መታየት አለበት፣ ግን ሌሊት የሚያስሮጥ አይደለም።

ከማንኛውም በላይ፦ ሌሊት የደነገጠ ሰው ዓይኑ ውስጥ የተቀጠቀጠ ቅጠል፣ የጡት ወተት፣ የጎረቤት ጠብታ አይጨምር። ቀላሉን ነገር ቁስል የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ዚግዛግና ብልጭታ

እነዚህን ሰው ያደባልቃቸዋል። የሚያብረቀርቅ ዚግዛግ መስመር ከመሃል ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ጎን እየሰፋ ከሄደ፣ በሁለቱም ዓይን ካለ፣ ዓይን ቢጨፈንም ከታየ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃም ቆይቶ ከጠፋ ማይግሬን ነው ማለት ይቻላል፣ ራስ ምታት ሳይከተለውም ቢሆን። የመጀመሪያችሁ ከሆነ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ሰዓት ካለፈ ግን ታዩ።

ብልጭታ ሌላ ነው። በአንድ ዓይን፣ ጥግ ላይ፣ በጨለማ ዓይን ሲዞር ቅስት ሠርቶ ብልጭ የሚል ከሆነ፣ ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር በዕድሜ እየተኮማተረ ሬቲናን ሲጎትት ነው። ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም፣ አንዳንዴ ግን ሬቲናን ይቀዳል። አዲስ ብልጭታ ያየ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ ይታይ። መጋረጃው ከመጣ ከላይ ያልኩት ነው፣ አይጠበቅም።

ስኳር ያለባችሁ

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱ ከሆነና ሌሊት በላብ ተጠምቃችሁ፣ እየተንቀጠቀጣችሁ፣ ዓይናችሁ ደብዝዞ ከነቃችሁ ስኳራችሁ ወርዷል። መለኪያ ካለ ለኩ፣ ከሌለ አትጠብቁ፦ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ለስላሳ ጠጡ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ ካልተሻላችሁ ድገሙ፣ ከዚያ ዳቦ ብሉ። መዋጥ ለማይችል ሰው አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። በጾም ወቅት ይሄ ስለሚበዛ መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትጹሙ።

ማስታወሻው

ወረቀት ላይም ስልክ ላይም ይሁን፣ በዚያው ሌሊት ጻፉት። ጠዋት ትዝታው ተለውጦ ነው የምታገኙት። ይሄን ያህል ይበቃል፦

"ጥቅምት 12፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ። ግራ ዓይን ብቻ፣ ሸፍኜ አይቻለሁ። ግራጫ ጥላ ከላይ። 4 ደቂቃ። ሕመም የለም። ስልክ አልያዝኩም። በቀኝ ጎኔ ነበርኩ። ማታ የግፊት ክኒን ወስጃለሁ።"

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጨምሩ፣ ያፈራችሁበትንም። ለወሲብ ብርታት የሚወሰዱት ክኒኖች ነገሮችን ወደ ሰማያዊ ሊያስመስሉ ይችላሉ፣ ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን መጠኑ ሲበዛ ዓይንን ይጎዳል። ሐኪሙ ያልተነገረውን መገመት አይችልም።

አብሯችሁ ያለ ሰው ካለ ደግሞ ለውጡ ሳይጠፋ ብሌናችሁን በደብዛዛ ብርሃን ይይላችሁ፣ ቢቻል ፎቶ ያንሳችሁ። አንዱ ሰፍቶ አንዱ ጠቦ ከሆነ ያ ፎቶ ከሙሉ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል።

የዓይን ምርመራ ስትሄዱ መነጽር ብቻ ለክቶ የሚያሰናብት ቦታ አይበቃም። ብሌን ተከፍቶ ሬቲና እንዲታይና የዓይን ግፊት እንዲለካ ጠይቁ። ከዚያ ያለፈ ካስፈለገ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከል ሊልኳችሁ ይችላሉ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብሌን የሚከፍተው ጠብታ ለሰዓታት ቅርብ ማንበብ ይከለክላል፣ የባህር ዳር ፀሐይም በዚያ ላይ ይወጋል፤ ስለዚህ ኮፍያ ያዙ፣ ሰው አስከትሉ፣ ብስክሌቱንም ቤት ተዉት።